ሱቅ 7፦ ሥራ እየሠራችሁ በማኔጅመንት ፒኤችዲ ለመማር ለምታስቡ

በሳምንት አንዴ የሆነ ሰው ማኪያቶ ይጋብዘኛል። ግብዣው በባዶ አይደለም። ስኳሩን አማስሎ ሳይጨርስ፣ "ዶክተር፣ እኔም ፒኤችዲ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ምን ትመክሪኛለሽ?" ይለኛል። ድሮ ረጅም መልስ ነበረኝ። አሁን መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። "የማን በር ይከፈትልሃል?"

ብዙዎቹ የሚያውቁትን ባለሥልጣን ስም ይጠሩልኛል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ለአምስት ለስድስት ዓመት ስለ አንድ ነገር ስትጠይቁ ትኖራላችሁ። የምትጠይቁት ሰው በሩን ካልከፈተ፣ ፋይሉን ካላሳየ፣ ቁጭ ብሎ ካላወራችሁ ጥናት የሚባል ነገር የለም። የሚያምር ርዕስ ይዘው ዳታ አጥተው ሦስት ዓመት የቆሙ ሰዎች አውቃለሁ። ጎበዞች ናቸው። ያንኳኩት በር ነው ያልተከፈተው።

ስለራሴ ባጭሩ። ሰንጋ ተራ ካሉት የባንክ ዋና መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ብድር ክፍል ነው የምሠራው። ስጀምር 37 ዓመቴ ነበር፣ ስጨርስ 43። ሁለት ልጆች አሉኝ። ጥናቴ በቤተሰብ ንግድ ላይ ነው፤ አባት የያዘው ሱቅ ወደ ልጅ እንዴት ይተላለፋል የሚለው። የተማርኩበትን ዩኒቨርሲቲ ስም አልጠራም፤ ትንሽ የማማው ነገር ስላለኝ።

ለምን?

ደሞዝ ይጨመርልኛል ብላችሁ ከሆነ ቆም በሉ። እኔ ፒኤችዲ ይዤም ያው የብድር ባለሙያ ነኝ። የተለወጠው ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የስም ሰሌዳ ነው፤ እሱም በራሴ ጉትጎታ። "ዶክተር" መባል ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ግን የሁለት ወር ደስታ ነው። ማስተማር ለሚፈልግ ሰው ነገሩ ይለያል፤ ለእሱ ዲግሪው የሥራው በር ነው።

ዲቢኤ የሚባል የሙያ ዶክትሬትም አለ። ሁለቱ ወንድማማች ናቸው። ፒኤችዲ ከቲዮሪ ጋር ይሟገታል፤ "ይህ አስተሳሰብ እዚህ አገር በዚህ ምክንያት አይሠራም" ይላል። ዲቢኤ ከድርጅት ችግር ይነሳና ለድርጅቱ መፍትሔ ይዞ ይመለሳል። ሥራ አስኪያጅ ከሆናችሁና ማስተማር ካላሰባችሁ ሁለተኛውን አትናቁት።

የት?

እዚሁ አገር ውስጥ ከተማራችሁ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ኮርስ አለ። ክፍል ገብታችሁ ሪሰርች ሜተድ፣ ቲዮሪ፣ ስታትስቲክስ ትማራላችሁ፣ ትፈተናላችሁ፣ ከዚያ ፕሮፖዛል። የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪካው መንገድ ደግሞ በአብዛኛው ኮርስ የለውም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጥናት ነው። ዩኒሳ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ አቃቂ ላይ ማዕከል ስላለው ከመሥሪያ ቤቴም ሳይቀር ብዙ ሰው በእሱ በኩል ሞክሯል። ኮርስ የሌለበት መንገድ ቀላል ይመስላል። ራሱን መግዛት ለማይችል ሰው ግን በጣም ከባድ ነው። የሚጠራችሁ ክፍል የለም፣ የሚፈትናችሁ የለም፣ ዓመቱ ሳታስቡት ያልፋል። እኔ ራሴን ስለማውቅ ኮርስ ያለበትን መረጥኩ።

በእኔ ጊዜ መግቢያ ፈተናውን ዩኒቨርሲቲው ራሱ ነበር የሚያወጣው። አሁን በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጥ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ፤ ሰዉ "ጋት" ይለዋል። ማስተርስ ከጨረሳችሁ አሥር ዓመት ካለፋችሁ ሒሳቡን ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ ንኩት። በመቶኛና በሬሾ ጥያቄ መውደቅ ለባንክ ሰው ያሳፍራል። አንድ የማውቀው የባንክ ሰው በዚሁ ወድቋል፤ እስካሁን ለሚስቱ አልነገራትም።

በኦንላይን ስለሚሰጡት የውጭ ዲግሪዎች አንድ ነገር ብቻ። አንድ ዶላር ከመክፈላችሁ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዘንድ ሂዱና ይህ ተቋም፣ ይህ ፕሮግራም፣ በዚህ የአሰጣጥ ዘዴ አቻ ግምት ያገኛል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። በቃል አይደለም፤ በጽሑፍ። አቻ ግምት ያልተሰጠው ዶክትሬት ሳሎን ግድግዳ ላይ ያምራል እንጂ የሰው ኃይል ክፍል ፋይል ውስጥ አይገባም።

ርዕሱን ከጠረጴዛችሁ ላይ ፈልጉ

መጀመሪያ ያቀረብኩት ርዕስ "የአመራር ዘይቤ በሠራተኞች አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ፦ በተመረጡ ባንኮች" የሚል ነበር። ሳቁ፣ መብታችሁ ነው። ይህንን ርዕስ የባንኩን ስም ብቻ እየቀያየሩ የሠሩት ሰዎች ተሰልፈው ቢቆሙ ከሰንጋ ተራ ሜክሲኮ ይደርሳሉ። የገምጋሚዎቹ ጥያቄ አንድ ነበር። "አዲሱ ነገር ምንድነው?" መልስ አልነበረኝም።

ጥያቄዬ የመጣው ከሥራዬ ነው። አንድ ቀን ለ18 ዓመት ደንበኛችን የነበሩ ነጋዴ አረፉ። ልጃቸው የብድሩን ፋይል ይዞ መጣ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ሱቁን ሲያንቀሳቅስ የኖረውም እሱ ነው። ግን ወረቀት ላይ የለም። ፈቃዱ በአባት ስም፣ የኪራይ ውሉ በአባት ስም፣ ዱቤ የሚሰጡት አከፋፋዮች የሚያውቁት አባትን። በስድስት ወር ውስጥ ሱቁ ተዘጋ። እኔ ፋይሉን ዘጋሁ፣ ነገሩ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ይህ ልጅ ምን ወረሰ?

ያን ጥያቄ ይዤ ማንበብ ስጀምር የውጭዎቹ ጽሑፎች የሚነሱበት ነገር ገረመኝ። ብዙዎቹ አባት ድርጅት አለው፣ ሕንጻ አለው፣ አክሲዮን አለው ብለው ነው የሚጀምሩት። ፒያሳ ውስጥ ግን ሱቁ ራሱ የቤተሰቡ አይደለም። ሐምሌ 1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ብዙው የፒያሳ ነጋዴ የቀበሌ ወይም የኪራይ ቤቶች ተከራይ ነው። እንግዲህ ከአባት ወደ ልጅ የሚያልፈው ንብረት ሳይሆን ስም፣ ደንበኛና የኪራይ ውል ነው ማለት ነው። ኤጀንሲ ቲዮሪ ባለቤትና አስተዳዳሪ ጥቅማቸው ይጋጫል ይላል። ስቱዋርድሺፕ ቲዮሪ ደግሞ አስተዳዳሪው እንደ አደራ ጠባቂ ነው ይላል። ባለቤት በሌለበት ቤት ውስጥ ሁለቱስ ምን ይሆናሉ? አዲሱ ነገር ይኸው ነበር። ይህንን ስናገር የገምጋሚዎቹ ሊቀመንበር መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ በፊት ቀና ብለውም አላዩኝም ነበር።

ስለዚህ ዘዴው ይህ ነው። በሥራችሁ ላይ ያናደዳችሁን፣ መልስ ያጣችሁለትን፣ ቤት ድረስ የተከተላችሁን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ከዚያ ሦስት ነገር ጠይቁ። ስለዚህ የሚያወራኝ ሰው አለ? ፋይሉን የሚያሳየኝ አለ? አሁን ያለው ቲዮሪ የማይነግረኝ ነገር አለው? ሁለቱ "አዎ" ሦስተኛው "አይ" ከሆነ ጣሉት።

ከባንክ ወይም ከኩባንያ ዓመታዊ ሪፖርት ለምትሠሩ ሁለት ማሳሰቢያ። ባንኮችና ኢንሹራንሶች ከ2010 በጀት ዓመት ጀምሮ በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ነው የሚዘግቡት። ከዚያ በፊት ያለውን ቁጥር ከኋላው ጋር ዝም ብላችሁ አትስፉት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ዳታችሁ ይህንን ቀን የሚሻገር ከሆነ ሌላ አገር እንደገባችሁ ቁጠሩት። በተረፈ የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 መሆኑን ከመጀመሪያው ገጽ ጻፉ። ለውጭ ፈታኝ "2015" ብላችሁ ስትሰጡት የስምንት ዓመት ግራ መጋባት ነው የምትሰጡት።

አማካሪ

አማካሪ ሲመረጥ ሰው የሚያየው ስም ነው። እኔም ያየሁት ስም ነበር። ትልቅ ሰው፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚቀርቡ። ሁለተኛውን ምዕራፍ፣ 60 ገጽ፣ ላክሁላቸው። ስምንት ወር ጠበቅሁ። ሲመለስ የመጨረሻው ገጽ ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ተጽፎበታል፦ "ጉድ"። እኔ በአማርኛ ነው ያነበብኩት።

ከዚያ በኋላ አማካሪ ቀየርኩ። ቀላል አይደለም፤ ኩርፊያ አለው፣ ደብዳቤ አለው። ግን ይቻላል፤ ሳይመሽ መሆን አለበት እንጂ። ሁለተኛዋን ስመርጥ ስሟን ትቼ ተማሪዎቿን ፈለግሁ። ያስመረቀቻቸውን ሁለት ሰዎች ቡና ጋበዝኩና ሦስት ጥያቄ ጠየቅሁ። ስንት ዓመት ፈጀባችሁ? ምዕራፍ ስትልኩ በስንት ሳምንት ትመልሳለች? ስትቆጣ ምን ትላለች? ሦስተኛው ቀልድ ይመስላል፤ በጣም የጠቀመኝ ግን እሱ ነው። "ስትቆጣ ትደውላለች" አሉኝ። የምትደውል አማካሪ ወርቅ ናት።

እኔም ልማድ ያዝኩ። በየወሩ መጀመሪያ አንድ ገጽ እልካለሁ፦ ምን ሠራሁ፣ የት ቆምኩ፣ ምን ልወስን። ከተገናኘን በኋላ ደግሞ የተስማማንበትን ማታውኑ ጽፌ እልክላታለሁ። ይህ ሁለተኛው ብዙ ጭቅጭቅ ያድናል። ሰው የተናገረውን ይረሳል፤ ዶክተር ደግሞ የበለጠ ይረሳል። አሁን ራሴን አይቼ ነው የምናገረው።

ንባብ

እዚህ ላይ አላበዛም። የመጀመሪያዋን ጽሑፍ ካነበባችሁበት ቀን ጀምሮ ዋቢ ጽሑፎችን የሚያደራጁላችሁን ሶፍትዌሮች፣ ዞቴሮን ወይም ሜንዴሌይን፣ ተጠቀሙ። ነጻ ናቸው። ዋቢ ጽሑፎችን በመጨረሻው ወር በእጅ የሚደረድር ሰው አይቼ አልቅሼለታለሁ። የሚከፈልባቸውን ጆርናሎች ለማግኘት ዩኒቨርሲቲያችሁ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ፕሮግራም ላይ መመዝገቡን የቤተ መጻሕፍቱን ሰው ጠይቁ፤ ኢትዮጵያ በነጻ ከሚያገኙት አገሮች መካከል ናት። ብዙ ተማሪ ይህንን ሳያውቅ ይመረቃል።

ለቦታ ቅዳሜ ቅዳሜ 4 ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እቀመጥ ነበር። በ2014 ሲከፈት እኔ ሦስተኛ ዓመቴ ላይ ነበርኩ። በአዘቦት ቀን ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ተኩል፣ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ። ማታ አልሞከርኩም። ማታ ከብድር ፋይል የወጣ ጭንቅላት የሚያነበው ምንም ነገር የለም።

ደብዳቤው ተመርቷል

ከዩኒቨርሲቲው "ለሚመለከተው ሁሉ" የሚል የትብብር ደብዳቤ ይሰጣችኋል። ብዙ ቦታ አይሠራም። መሥሪያ ቤት ሁሉ የራሱን ስም ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ የምትሄዱባቸውን ቦታዎች ዘርዝራችሁ ለእያንዳንዱ በስሙ አሠሩ፤ የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ የሁለት ወር መመላለስ ያድናል።

መዝገብ ቤት ስትሰጡ የገቢ ቁጥሩን ጻፉ። "ተመርቷል" ሲሏችሁ "ለማን?" በሉ። ከዚያ የተመራለትን ሰው ቢሮ ፈልጉ፣ ግቡ፣ ሰላም በሉ። አንድ ቦታ ደብዳቤዬ ለሦስት ሰው ተመርቶ በመጨረሻ ወደ መዝገብ ቤት ተመለሰ፤ አምስት ሳምንት ፈጀ። መፍትሔ የሰጠችኝ የጸሐፊዋ ተተኪ ሆና የተቀመጠች ተለማማጅ ልጅ ናት። ሁልጊዜ ከጸሐፊዎች ጋር ተዋደዱ።

ፒያሳ

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። መጠይቄ 52 ጥያቄ ነበረው። በእንግሊዝኛ አዘጋጅቼ ወደ አማርኛ መለስኩት። ከአራዳ ጊዮርጊስ ወረድ ብሎ የሱፍ ጨርቅ የሚሸጡ አንድ አባት ጋ ገባሁ። ሙከራ ነበር፣ የመጀመሪያዬ። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ቆመዋል።

"ከገቢዎች ነሽ?"

"አይደለሁም ጋሼ፤ ተማሪ ነኝ።"

"በዚህ ዕድሜሽ?"

ሳቅሁ፣ ሳቁ፣ ዱካ ሳቡልኝ። የስምምነት ቅጽ ሰጠሁ፤ "እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ" አልኩ። ሳቃቸው ቆመ። ፊርማ ማለት ለነጋዴ ሌላ ነገር ነው፤ ፊርማ ያለበት ወረቀት አንድ ቀን ፍርድ ቤት ይሄዳል። እንደምንም አለፍን። አራተኛው ጥያቄ "ዓመታዊ ሽያጭዎ ስንት ነው?" ይላል። ወረቀቱን በአንድ ጣታቸው ቀስ አድርገው ወደ እኔ ገፉት። ምንም አላሉም። ጣቱ በቂ ነበር።

ሌላም ስህተት ነበረብኝ። "ሰክሴሽን" የሚለውን "ውርስ" ብዬ ነው የተረጎምኩት። "የውርስ ዕቅድ አለዎት?" ስላቸው ከጀርባ ጨርቅ የሚያጥፈው ልጃቸው እጁን አቆመ። ውርስ ማለት እኮ ሞት ነው። የወንድማማች ክስ ነው። በልጅ ፊት አባትን መቼ ትሞታለህ ብሎ እንደመጠየቅ። ከመዝገበ ቃላት ያመጣሁት ቃል በሩን ዘጋብኝ።

ቀሪዎቹን ጥያቄዎች ጨርሰው መለሱልኝ፤ ወይም የመለሱ መሰለኝ። በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ ገለልተኛ የሚለውን ሰንጠረዥ ሳነብላቸው፣ "አንቺ ደስ ያለሽን አክብቢው፣ የኔ ልጅ" አሉኝ። ሃያ ጥያቄ ላይ "እስማማለሁ" ከበብኩ። ይሉኝታ ነው። እንግዳን "አልስማማም" አይባልም።

ማታ ቤት ገብቼ መጠይቁን ቀደድኩት። ማለቴ፣ በሐሳብ ደረጃ። በተግባር ያደረግሁት እነሆ፣ ለእናንተም ይጠቅም ይሆናል።

"ውርስ" የሚለውን ሰርዤ "ወደፊት ሱቁን ማን ይይዘዋል?" አልኩ። ይህንን ያገኘሁት ከነጋዴዎቹ አፍ ነው፤ ተቀምጬ ሲያወሩ በመስማት። የተረጎማችሁትን ጥያቄ እንግሊዝኛውን ላላየ ሌላ ሰው ሰጥታችሁ ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልስላችሁ አድርጉ፤ ጥሩ ዘዴ ነው። ግን እሱም ብቻውን አይበቃም። የእኔ "ውርስ" ያንን ፈተና ያልፍ ነበር። ሱቁን ነው ያላለፈው።

የሽያጩን ጥያቄ መጨረሻ ላይ አደረግሁት፤ ከዚህ እስከዚህ በሚል፣ ካልፈለጉ የሚታለፍ። ፊርማውን ትቼ ስምምነቱን በድምፅ መቅዳት ጀመርኩ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቅዶልኛል፤ ምክንያቱን አንድ ገጽ ጽፌ አስረዳሁ እንጂ ዝም ብዬ አልቀየርኩም። ሰንጠረዡን ከግማሽ በላይ ጣልኩና ወደ ቃለ መጠይቅ ዞርኩ። አባትና ልጅን ለየብቻ አነጋገርኩ። ይህ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። ያ ዝም ያለው ልጅ ለብቻው ሲሆን ሁለት ሰዓት አወራኝ።

ነጋዴ የሚያወራበት ሰዓት አለው። ጠዋት አይሆንም፤ የመጀመሪያው ገዢ ሳይገባ ወረቀት ይዞ መግባት ገፊ ያስብላል። ቅዳሜም አይሆንም። ማክሰኞና ረቡዕ ከ8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት፣ ምሳ ተበልቶ ቡናው ሲመጣ፣ ያን ጊዜ ነው። የምትገቡት በሰው ይሁን። እኔን ያስገቡኝ የእቁባቸው ሰብሳቢ ናቸው። የእሳቸው አንድ ስልክ የዩኒቨርሲቲውን ማኅተም ዘጠኝ እጥፍ ይበልጥ ነበር።

የአንድ ሰዓት ቅጂ በጽሑፍ ለመገልበጥ ሰባት ሰዓት ፈጅቶብኛል። የአባትም የልጅም ቅጂ ነበረኝ። ሒሳቡን ሥሩት። ለሰው ከፍዬ ላሠራ አስቤ ነበር፤ ብርም አልነበረኝም፣ ኋላም አልቆጨኝም። ሰውየው የት ላይ ዝም እንዳለ የምትሰሙት ራሳችሁ ስትገለብጡ ነው።

ከዚያ 2016 መጣ። የመጀመሪያውን ዙር 38 ሱቆች ላይ በ2015 ጨርሻለሁ። ዕቅዴ ከዓመት በኋላ ተመልሼ ምን ተለወጠ ብዬ መጠየቅ ነበር። ስመለስ ሱቆቹ የሉም። ፒያሳ በኮሪደር ልማቱ ተነስቷል። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ አድራሻ ብዬ የጻፍኩት "ከፎቶ ቤቱ ፊት ለፊት"፣ "ከዳቦ ቤቱ ጎን" የሚል ነው። ፎቶ ቤቱም የለም፣ ዳቦ ቤቱም የለም። አጥሩ ጋ ቆሜ ደብተሩን አየሁት፣ አጥሩን አየሁት። አሥር ደቂቃ ያህል ቆሜያለሁ መሰለኝ፤ አንድ ጥበቃ "እህቴ፣ ሰው ጠፋሽ?" አለኝ። አዎ፣ 38 ሰው።

ስልክ የያዝኩት የ16ቱን ብቻ ነበር። ሌሎቹን ያገኘሁት በእቁቡ፣ በዕድሩ፣ በአንዱ አከፋፋይ መርካቶ ላይ። አራት ወር ፈጀ። 27 አገኘሁ። እንግዲህ ከእያንዳንዱ ሰው ሁለት ስልክ ውሰዱ፤ የራሱንና የልጁን። ይህንን ምክር የሰጠኝ መጽሐፍ የለም።

አማካሪዬ ደወለች። ተቆጥታ መስሎኝ ነበር። "ጥናትሽ አልሞተም፣ አሁን ነው የጀመረው" አለች። የኪራይ ውሉ ሲጠፋ ስሙና ደንበኛው ብቻቸውን ሱቅ ያቆማሉ ወይ? ያ አምስተኛው ምዕራፍ ሆነ። ፈታኞቹም ከሁሉ በላይ የወደዱት እሱን ነው።

ስለ ቁጥር ትንሽ

የቁጥር ጥናት ለምትሠሩ አንድ ነገር ብቻ ልናገር፤ ሌላውን የስታትስቲክስ ሰው ይንገራችሁ። ለብዙ ሕዝብ የሚወሰደውን 384 የሚለውን የናሙና ቁጥር ሳላይ የዋልኩበት ቀን የለም። ሌላው የተለመደው ቀመር ደግሞ የሕዝቡን ብዛት፣ አንድ ሲደመር ብዛቱ ሲባዛ በስህተቱ ካሬ፣ ለሚመጣው ማካፈል ነው። 1200 ሠራተኛ ካለና ስህተቱ 5 ከመቶ ከሆነ፣ 1200 ለ4፣ 300 ሰው። ቆንጆ ነው። ግን ቀመሩ የሚሠራው የ1200ውን ስም ዝርዝር ይዛችሁ በዕጣ ስታወጡ ነው። መጠይቁን ለአንድ ጓደኛችሁ ሰጥታችሁ በቴሌግራም ግሩፕ ካስበተናችሁ 300 ቢሆን 3000 ቢሆን ዕጣ አይደለም። ፈታኝ ይህንን ይጠይቃል። ኤስፒኤስኤስ ከሚባለው የስታትስቲክስ ሶፍትዌር የወጣ ሠንጠረዥ አይመልስላችሁም።

ጆርናል

ብዙ ዩኒቨርሲቲ ከዲፌንስ፣ ማለትም ጥናታችሁን ፈታኞች ፊት ቆማችሁ ከምትከላከሉበት ቀን በፊት የታተመ ጽሑፍ ይጠይቃል። ጽሑፋችሁን አንድ ጉባኤ ላይ እንዳቀረባችሁ ኢሜይል ይጎርፋል፤ "የተከበሩ ታላቅ ተመራማሪ" እያለ። በአምስት ቀን እናትማለን፣ ይህን ያህል ዶላር ላኩ። ታላቅ ተመራማሪ ከሆናችሁ እናንተም ታውቁት ነበር። ስኮፐስ በሚባለው የጆርናሎች መዝገብ ውስጥ አለን ካሉ እነሱ የላኩትን ሊንክ ትታችሁ የስኮፐስን ዝርዝር ራሳችሁ ክፈቱና ፈልጉ፤ የተሰረዙም አሉና ቀኑን እዩ። የእኔ የመጀመሪያ ጽሑፍ ሁለት ጆርናል ላይ ውድቅ ተደርጓል፤ ሦስተኛው ተቀበለው፣ ከ14 ወር በኋላ። ስለዚህ ሦስተኛ ዓመት ላይ ላኩ፤ መጨረሻውን አትጠብቁ።

ቤት

ባለቤቴ አልተማረረም ብዬ አልዋሽም። አማቴ በየበዓሉ "ይሄ ትምህርት አያልቅም እንዴ?" ትላለች። ትንሹ ልጄ ስለ እናትህ ሥራ ተናገር ተብሎ ክፍል ውስጥ "እናቴ ሌሊት ላፕቶፕ ታያለች" ብሏል። ከቤተሰብ ጋር ሰዓቱን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፦ የትኛው ሰዓት የእናንተ፣ የትኛው የእነሱ። እኔ እሑድን ሙሉ ለቤት ትቼ ነበር። ሁለት ጊዜ አፈረስኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ ተጣላን። የዓመት ፈቃዴን አንድ ላይ አልወሰድኩም፤ ሦስት ሦስት ቀን እየቆረስኩ ፒያሳ ለመሄድ ተጠቀምኩበት። ፋይላችሁን ሦስት ቦታ አስቀምጡ። ፍላሽ አንዱ አይደለም።

ዲፌንስ

ቀኑ ሲደርስ ከምታስቡት በላይ አጭር ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል። የውጭ ፈታኙ የጠየቀኝ አስቸጋሪ ጥያቄ "የማታውቂው ነገር ምንድነው?" የሚል ነበር። ያልተዘጋጀሁበት። ላገኛቸው ስላልቻልኩት 11 ሱቆች ነገርኩት። ቀና ብሎ አየኝና ጻፈ። ማስተካከያ ያለበት ማለፊያ ሰጡኝ፤ ሦስት ወር። ለብዙው ሰው እንዲሁ ነው፤ አትደንግጡ። የማስተካከያውን ዝርዝር በሠንጠረዥ መልሱት፦ ያሉት፣ ያደረግሁት፣ ገጹ።

ከጠረዝኩ በኋላ አራት ገጽ አማርኛ ማጠቃለያ አዘጋጀሁ። ለሰጡን ሰዎች የሆነ ነገር መመለስ ግዴታ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ባይጠይቅም። የሱፍ ጨርቅ የሚሸጡት አባት አሁን ሌላ ሰፈር አነስተኛ ሱቅ ይዘዋል፤ ፈቃዱ በልጁ ስም ነው። ወረቀቱን መነጽር አድርገው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ሁሉንም ስም ስለሸፈንኩ የእሳቸውን ማግኘት አልቻሉም።

"የእኔ የቱ ነው?"

"ሱቅ 7 የሚለው፣ ጋሼ።"

ወረቀቱን አስቀመጡና መነጽራቸውን አወለቁ።

"መጀመሪያ የገባሽው እኔ ጋ አይደለም እንዴ? ለምን 1 አላደረግሽኝም?"